ወተቱ ሲፈስና ሲርገበገብ፦ የብራውን እንቅስቃሴን በአንድ ማይክሮስኮፕ ማሳየት

ጥያቄው፦ «ሱሉልታ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 64 ተማሪ አለኝ፤ ማይክሮስኮፓችን አንድ ነው፤ የጭስ ሳጥን የለንም። የቅንጣቶችን የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ላሳይ ብዬ ወተት በውሃ አቅጥኜ ስላይድ ላይ አደረግሁ። ነጠብጣቦቹ ይታያሉ፤ ግን ሁሉም እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ይነጉዳሉ። ግማሹ ተማሪ ‹ውሃው እየፈሰሰ ነው› አለኝ፣ ግማሹ ‹ሕይወት ያላቸው ናቸው› አለኝ። አንድ ሌላ መምህር ደግሞ የቦታው ከፍታ ነው ይላል። ምን አጠፋሁ? ተማሪዎቹንስ በምን ላሳምናቸው?»

ጤና ይስጥልኝ መምህር፤

«ውሃው እየፈሰሰ ነው» ያሉት ተማሪዎች ትክክል ናቸው። ስላይዱ ላይ በእርግጥም ውሃው ይፈስ ነበር። የሚፈልጉት የብራውን እንቅስቃሴም፣ ማለትም የውሃ ሞለኪውሎች ሲመቷቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያደርጉት የዘፈቀደ መርገብገብ፣ እዚያው ነበር፤ ግን ፍሰቱ ዋጠው። ስለዚህ ሥራዎ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ፍሰቱን ማቆም፣ ከዚያ የቀረው እንቅስቃሴ ፍሰት አለመሆኑን ተማሪው ራሱ በማስመሪያ ለክቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነጠብጣቦቹ ሲርገበገቡ አይቶ «አዎ፣ ይንቀሳቀሳሉ» ያለ ተማሪ ገና የዘፈቀደነትን አላየም። መርገብገቡ የዘፈቀደ መሆኑን የሚናገር አንድ ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር 4 ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የከፍታውን ነገር ቶሎ እንዝጋው። ሱሉልታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የወተቱን ቅባት የሚገፉት ግን የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ውሃ ደግሞ በዚህ ያህል የግፊት ልዩነት ባሕርዩ አይለወጥም። ትንሽ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ቢኖር የጠዋቱ ብርድ ነው፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ 15 ዲግሪ ቢሆን ውሃው ጥቂት ይወፍርና ቅንጣቶቹ የሚርቁት ርቀት 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህን በዓይን የሚለይ ሰው የለም።

ፍሰቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ የምጠረጥረው የጠብታዎን መጠን ነው። አንድ ተራ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ 22 በ22 ሚሊ ሜትር በሆነ ከቨር ስሊፕ (ጠብታውን በሚሸፍነው ስስ መስታወት) ሥር ሲገባ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የውሃ ንጣፍ ይሆናል፤ ከቨር ስሊፑ ይንሳፈፋል፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥርም ይንሸራተታል። የሚያስፈልግዎት የዚያ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 0.01 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህን በቀላሉ የሚሰፍር መሣሪያ በየመድኃኒት ቤቱ አለ፦ 1 ሚሊ ሊትሩ በ100 ጭረት የተከፈለው የኢንሱሊን መርፌ። አንድ ጭረት ልክ 0.01 ሚሊ ሊትር ነው። መርፌውን ተማሪ ባይነካው ይሻላል፤ እርስዎ ይያዙት። ከሌለ የስቴኪኒ ጫፍ ነክሮ ስላይዱን ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ይበቃል። ትክክለኛው መጠን ሲሆን ፈሳሹ ከቨር ስሊፑን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል እንጂ ወደ ውጭ አያልፍም፤ ስላይዱን ዘንበል ሲያደርጉትም ከቨር ስሊፑ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የፈሰሰ ካለ በሶፍት ጫፍ ከዳሩ ይምጠጡት።

ቀጥሎ ትነት ነው። ውሃው በከቨር ስሊፑ ጠርዝ በኩል ይተናል፤ የተነነውን ለመተካት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ ቅባቱን አብሮ ይወስደዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወራት ይህ ብቻውን ማሳያውን ያበላሸዋል። መፍትሔው ቫዝሊን ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ቫዝሊን ይዘው አራቱንም ጠርዝ ክፍተት ሳይተዉ ይዝጉ፤ ማዕዘኖቹን ደግመው ይዩአቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። የጥፍር ቀለምም ያሽጋል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ወደ ውስጥ ከተሳበ ከወተቱ ጋር ተቀላቅሎ ስላይዱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ቫዝሊን ይመረጣል።

የአየር አረፋም አለ። አረፋ በመብራቱ ሙቀት ሲነፋና ሲኮማተር ዙሪያውን ያለውን ውሃ ይገፋል፣ ይስባል። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ ከስላይዱ ጋር አስነክተው ቀስ ብለው ማስተኛት አረፋን ይከላከላል፤ ከገባ ግን ለማውጣት አይታገሉ፣ ሌላ ስላይድ ይሥሩ። የማይክሮስኮፑ መብራት አሮጌው ዓይነት አምፖል ከሆነ ስላይዱን ያሞቃል፣ ያ ደግሞ ሌላ ፍሰት ይፈጥራል። እየተመለከቱ ካልሆነ ያጥፉት ወይም በስልክ ባትሪ መብራት ይተኩት። ማይክሮስኮፑ በመስታወት የሚሠራ ከሆነ መስታወቱን ወደ ብሩህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ያዙሩት። ወደ ፀሐይዋ በቀጥታ በፍጹም አይዙር፤ በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል። 64 ልጅ ተራ በተራ በሚያይበት ክፍል ይህንን ቀድሞ መናገር ብቻ አይበቃም፣ መስታወቱን በፕላስተር አስሮ ማቆየት ያስፈልጋል።

ካሸጉ በኋላ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ከቨር ስሊፑ ሲጫን የተነሳው ፍሰት የሚሞተው በዚያ ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ በአስፋልቱ ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍ ምስሉ ሁሉ አንድ ላይ ቢንቀጠቀጥ አይደናገጡ፤ ያ የጠረጴዛው ነው፣ መኪናው ሲያልፍ ያልፋል። እንዲያውም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ የጠረጴዛ ንዝረት ሁሉንም እኩል ያነቃንቃል።

የቱ ወተት፣ ምን ያህል ይቅጠን?

ሱሉልታ ላይ ወተት አይቸግርዎትም። ከላም የታለበው ወተት የቅባት እንክብሎቹ መጠን የተለያየ ነው፤ ከ1 ማይክሮሜትር (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) በታች የሆኑ አሉ፣ እስከ 10 የሚደርሱም አሉ፣ ብዙው 3 እና 4 ላይ ነው። ሆሞጂናይዝድ የተደረገ ወተት ግን እንክብሎቹ ተሰባብረው ብዙዎቹ 1 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆነዋል። መርገብገቡን አጉልቶ ለማሳየት ሁለተኛው ይቀላል። ለማሳመን ግን ጥሬው ወተት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ትልቁና ትንሹ እንክብል በአንድ ምስል ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። ትንሹ ሲቅበዘበዝ ትልቁ እምብዛም አይነቃነቅም። ውሃው እየወሰዳቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እኩል በወሰዳቸው ነበር። ይህ አንድ ትዕይንት የግማሹን ክፍል ክርክር ይፈታል።

ጥሬውን ወተት ለአንድ ሰዓት ያህል በረጅም ብርጭቆ ያስቀምጡትና ከላይ ከሰፈፈው ሳይሆን ከታች በሲሪንጅ ይሳቡ፤ ትልልቆቹ እንክብሎች ወደ ላይ ስለሚወጡ ከታች ያለው ይሻላል። ከዚህ 1 ጠብታ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ያድርጉና ሳይንጡ ብርጭቆውን በማሽከርከር ያዋህዱ። በ40 ኦብጀክቲቭ (40 እጥፍ በሚያጎላው፣ ወደ ስላይዱ በሚጠጋው ሌንስ) ሲያዩት በአንድ እይታ ከመቶ የሚበልጡ እንክብሎች ሊኖሩ ይገባል። ምስሉ ነጭ ጉም ከመሰለ አሁንም ያቅጥኑት። የዕለቱ ወተት ይሁን፤ ወደ እርጎነት የጀመረ ወተት ረግቶ ይጓጉላል፣ የጓጎለ ነገር ደግሞ ለመርገብገብ ከባድ ነው።

ውሃውን በተመለከተ፣ የጉድጓድ ወይም በባልዲ የቆየ ውሃ አይጠቀሙ። እውነተኛ ዋናተኛ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ ያኔ «ሕይወት አላቸው» ያለው ተማሪ ከፊሉን እውነት ይዞ ይቀራል። አፍልተው ያቀዘቀዙት ውሃ ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነው። ሲገዙ ግን ጠርሙሱን አይተው ይውሰዱ፤ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል።

ማየቱ ራሱ

አብዛኛው ሰው «ምንም አይታይም» የሚለው የብርሃኑን መጠን የሚቆጣጠረውን ዲያፍራም እስከ መጨረሻ ከፍቶ ነው። የቅባት እንክብል ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው፤ ብርሃኑ ከበዛ በውሃው ውስጥ ይጠፋል። ከመድረኩ ሥር ያለውን ዲያፍራም ምስሉ ደብዘዝ እስኪል ድረስ ያጥብቡት፤ እያንዳንዱ እንክብል ያን ጊዜ ጥቁር ክብ ጠርዝና ብሩህ መሃል ይዞ ይወጣል። በ4 ኦብጀክቲቭ የከቨር ስሊፑን ጠርዝ ያግኙ፣ በ10 ወደ መሃል ይግቡ፣ ከዚያ 40ውን። የ100 የዘይት ሌንስ አያስፈልግም፤ ዘይቱ ከቨር ስሊፑን እየሳበ አዲስ ፍሰት ያመጣል።

ፎከሱን ከከቨር ስሊፑ ሥር ልክ በታች ያድርጉ። ቅባት ከውሃ ስለሚቀል እንክብሎቹ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣሉ፦ 4 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያለው በሰከንድ 0.6 ማይክሮሜትር ገደማ፣ 2 ማይክሮሜትር ያለው ደግሞ ከ0.2 በታች። በደቂቃዎች ውስጥ 2 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑት ከመስታወቱ ሥር ተሰብስበው እዚያው ስለሚቆዩ ከፎከስ አይወጡም። ለመለካት የምመርጣቸው እነሱን ነው። ከእነሱ ያነሱት እየጠፉ እየተመለሱ ያደክማሉ። መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ፈጽሞ የማይነቃነቁም ያገኛሉ፤ እነዚህን አይናቋቸው። ስልኩ ወይም ጠረጴዛው ቢንቀሳቀስ የሚመሰክሩልዎ ቋሚ ምልክቶች ናቸው።

64 ተማሪ በአንድ ዓይን ማስገቢያ አያልቅም። የሶፍት ጥቅል መሃሉን ካርቶን ቆርጠው በዓይን ሌንሱ ላይ ይሰኩት፣ ስልኩን በላዩ ያስደግፉና በፕላስተር ያጥብቁት። የስልኩን ካሜራ ምስሉ ላይ ተጭነው ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፤ ካልተቆለፈ ስልኩ ራሱ ፎከስ እየቀያየረ እንክብሎቹን ያጠፋቸዋል። አጉልተው 1 ደቂቃ ቪዲዮ ያንሱ። በፍላሽ ወደ ፕላዝማው ይውሰዱት፤ ፕላዝማው የማይሠራ ከሆነ በቴሌግራም ለየቡድኑ አንድ ስልክ ይላኩ። መብራት እንደሚጠፋ አስበው ቪዲዮውን ከአንድ ቀን በፊት ያዘጋጁ፤ በዕለቱ ግን ስላይዱም በማይክሮስኮፑ ላይ ይኑር። ቪዲዮ ብቻ ያየ ልጅ ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለው የወተት ጠብታ ውስጥ መሆኑን ላያምን ይችላል።

«ሕይወት አላቸው»

ይህ ሐሳብ ለተማሪዎችዎ የሚያሳፍር አይደለም። በ1827 ሮበርት ብራውን ከአበባ ብናኝ ውስጥ የወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች በውሃ ሲርገበገቡ ባየ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ የሠራው ሥራ ለክፍልዎ ጥሩ አርአያ ነው፦ ሕይወት ሊኖራቸው የማይችሉ ነገሮችን፣ ለረጅም ጊዜ የደረቀ ዕፅዋትን፣ የመስታወትና የድንጋይ ዱቄትን ሞከረ፤ ሁሉም ደቅቀው በውሃ ሲገቡ ተርገበገቡ።

እርስዎም አንድ ሕይወት የሌለው ነገር ይጨምሩ። የምመክረው ጥላሸት ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት እንደሚሠራ ተማሪው ያውቃል፣ እሳት ላይ ካለፈ ነገር ሕይወት እንደማይጠበቅም ያውቃል። ከኩራዝ ወይም ከሻማ ነበልባል በላይ ማንኪያ ይዘው ጥላሸት ይሰብስቡ። ጥላሸት ውሃ ይሸሻል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ በ1 ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ለ2 ደቂቃ ያህል በማንኪያው ጀርባ ያሹት፣ ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይጨምሩ፣ ሩብ ሰዓት ያስተኙትና ከላይኛው ግራጫ ውሃ ይውሰዱ። የጉድጓድ ውሃ እዚህ ላይ በሌላ ምክንያት ይጎዳል፦ በውስጡ ያለው ጨው ጥላሸቱን ያጓጉለዋል። ግንባታ በበዛበት አካባቢ ደግሞ በውሃ የሚቀጥን ነጭ የግድግዳ ቀለም አይጠፋም፤ በስቴኪኒ ጫፍ ነክተው በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢያቀጥኑት ቅንጣቶቹ ከጥላሸቱ ይበልጥ እኩል ናቸው። ጊዜ ከሌለዎት ይህኛውን ይውሰዱ።

የአበባ ብናኝ ግን ይቅር። «ብራውን የአበባ ብናኝ ሲንቀሳቀስ አየ» የሚለው አባባል በየቦታው ስላለ አደይ አበባ አራግፎ የሚያመጣ መምህር አለ። ብናኙ ራሱ በአስር የሚቆጠር ማይክሮሜትር ዲያሜትር አለው፤ 30 ማይክሮሜትር ቢሆን በ30 ሰከንድ የሚርቀው ከ1 ማይክሮሜትር ትንሽ አልፎ ነው፣ የራሱን ስፋት አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም። ብራውን ያየው የሚርገበገበው ከብናኙ ውስጥ የወጣው ደቃቅ ነገር ነው።

4 ወይስ 16

አሁን ወደ ቁጥሩ። ነገሩ በፍሰት ቢወሰድ በ4 እጥፍ ጊዜ 4 እጥፍ ርቀት ይሄዳል። በዘፈቀደ የሚገፋ ነገር ግን እየሄደ እየተመለሰ ስለሆነ በ4 እጥፍ ጊዜ 2 እጥፍ ብቻ ነው የሚርቀው። በዳግም ርቢ (ርቀቱ ራሱን በራሱ ተባዝቶ) ሲታሰብ ደግሞ ለፍሰት 16፣ ለዘፈቀደ 4 ይወጣል። በ1905 አልበርት አይንስታይን በስሌት ያሳየው ይህንን ነው፦ የርቀቱ ዳግም ርቢ አማካይ ከጊዜው ጋር በቀጥታ ያድጋል። ዣን ፔረን ከ1908 ጀምሮ በማይክሮስኮፕ ለክቶ አረጋገጠው፣ ከዚያም የአቮጋድሮን ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች ብዛት) አወጣበት፤ በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ መለኪያውን ያግኙ፤ በ4 ኦብጀክቲቭ፣ በዚያው የስልክ ማጉሊያ፣ ግልጽ የሆነ የላስቲክ ማስመሪያ ያንሱ። ፕላዝማው ላይ የማስመሪያው 1 ሚሊ ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከታየ፣ በ40 ኦብጀክቲቭ 2 ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ስለዚህ 1 ማይክሮሜትር በፕላዝማው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ግልጽ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ በስክሪኑ ላይ ይለጥፉ። ቪዲዮውን መጀመሪያው ላይ አቁመው ከየቡድኑ አንድ ተማሪ 5 እንክብሎችን በማርከር ነጥብ ያድርግና ቁጥር ይስጥ። 10ኛው ሰከንድ ላይ አቁሞ ዳግመኛ፣ 40ኛው ላይ ሌላ። አንድ የተጣበቀ እንክብልም በሦስቱም ጊዜ ምልክት ይደረግበት። 8 ቡድን ካለ 40 እንክብል ይሆናል፤ ከዚህ ባያንስ ጥሩ ነው።

2 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ላለው እንክብል በ20 ዲግሪ ውሃ ስሌቱ የሚሰጠው፣ የርቀቱ ዳግም ርቢ አማካይ ተወስዶ ዳግም ዘሩ (ስኩዌር ሩቱ) ሲወጣ፣ በ10 ሰከንድ 2.9 ማይክሮሜትር፣ በ40 ሰከንድ 5.9 ማይክሮሜትር ነው። በፕላዝማው ላይ 6 እና 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ በተራ ማስመሪያ ይለካል። እያንዳንዱ ቡድን ርቀቱን ይለካ፣ ራሱን በራሱ ያባዛ፣ ይደምር፤ በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ የ40ው አማካይ ይውጣ። የ40 ሰከንዱን አማካይ ለ10 ሰከንዱ ያካፍሉ።

ከ3 እስከ 5 ከወጣ በ40 እንክብል ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም። 8፣ 10፣ 12 ከወጣ ፍሰት አልሞተም፤ በሰከንድ 0.1 ማይክሮሜትር የሚሄድ፣ በዓይን የማይታወቅ ፍሰት እንኳ በ40 ሰከንድ 4 ማይክሮሜትር ይጨምራል። መድኃኒቱ አለው፦ ወደ ቀኝ የሄዱትን በመደመር፣ ወደ ግራ የሄዱትን በመቀነስ የሁሉንም አማካይ ጉዞ ያግኙና ከእያንዳንዱ ይቀንሱ፤ ወደ ላይና ወደ ታችም እንዲሁ። ከ3 በታች ከወጣ ደግሞ ወይ እንክብሎቹ መስታወቱ ላይ እየተጣበቁ ነው፣ ወይ ማርከሩ ወፍራም ነው። የነጥብ ስህተት አጭሩን ርቀት ከረጅሙ ይልቅ ስለሚያሳብጠው ውጤቱን ወደ ታች ይጎትታል። ቀጭን ማርከር፣ የእንክብሉ መሃል ላይ።

ርቀቶቹ ራሳቸው ከስሌቱ ቢያንሱ ተማሪው አጠፋሁ እንዳይል ይንገሩት። እንክብሉ ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ ስለሚንቀሳቀስ መስታወቱ ይይዘዋል፤ የዳግም ርቢው አማካይ ሩብ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። የሁለቱ ጊዜዎች ንጽጽር ግን በዚህ አይጎዳም። ከቁጥር ይልቅ እየታጠፈ የሚሄደውን መስመር የሚወዱ ተማሪዎች ነጥቦቹን በመስመር ያገናኛሉ፤ ይተዉአቸው፣ ግን መስመሩ መንገዱ አለመሆኑን ይንገሩ። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው እውነተኛ መንገድ እንደገና በሺህ ቦታ የተሰባበረ ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል እንክብሉን ገፍቶ አናየውም፤ 1 ማይክሮሜትር ያለው እንክብል እንኳ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይከብደዋል። የምናየው በአንዱ ወገን የደረሰው ምት ከሌላው ወገን ለቅጽበት ሲበልጥ የሚተርፈውን ነው።

ማሞቅ፣ ግሊሰሪን፣ የቡና ሽታ

ስላይዱን አሙቆ «እዩ፣ ፈጠኑ» ማለት ይቅርብዎ። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ቢያሞቁት ርቀቱ የሚጨምረው 28 በመቶ ያህል ነው፤ ሙቀቱ የሚቀሰቅሰው ፍሰት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተማሪው የሚያየው ፍጥነት የፍሰቱ ይሆናል። በምትኩ ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ይግዙ፦ 8 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢቀላቀል በክብደት እኩል ለእኩል ይሆናል፣ ፈሳሹም ከውሃ 6 ጊዜ ያህል ይወፍራል፣ ርቀቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ይህ በዓይን ይታያል። ለዚህ ወተት ሳይሆን ጥላሸቱን ወይም የግድግዳ ቀለሙን ይጠቀሙ፤ ግሊሰሪን ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ወደ ቅባቱ ስለሚጠጋ እንክብሎቹ ይደበዝዛሉ።

ብዙ የምንጠቀምባቸው ምሳሌዎች ደግሞ ይህንን አያሳዩም። በቆርቆሮው ቀዳዳ በገባች የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚዋልለው አቧራ በአየር ንፋስ ነው የሚሄደው፤ ጎረቤታሞቹ አብረው ሲታጠፉ ልብ ይበሉ። ቀለም በብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ሲል በ5 ደቂቃ ብርጭቆውን መሙላቱም የፍሰት ሥራ ነው፤ በዘፈቀደ እንቅስቃሴ ብቻ ቢሆን በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር የሚገፋው። ሲቆላ ከበር እስከ ኋላ ወንበር የሚደርሰው የቡና ሽታም እንዲሁ፤ አየሩ ፍጹም ቢረጋ ሽታው በአንድ ሰዓት ከ30 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። እነዚህን ለሥርጭት ምሳሌ ማድረግ ተማሪውን ፍሰትና ዘፈቀደን እንዲያምታታ ያደርገዋል፤ የእርስዎ ስላይድ ላይ የደረሰውም ያው መምታታት ነው።

ማይክሮስኮፑ ቢበላሽ

ቀይ የሌዘር ማመልከቻ ይበቃል፤ ኃይሉ ከ1 ሚሊ ዋት ያልበለጠውን ይፈልጉ፣ ጨረሩም ሆነ ነጸብራቁ ወደ ማንም ዓይን እንዳይሄድ ከተማሪዎቹ የዓይን ከፍታ በታች፣ ወደ ግድግዳው ብቻ ያድርጉት። ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ውሃና 2 ጠብታ ወተት ያድርጉ። ክብ ብርጭቆ እንደ ሌንስ ስለሚሆን አይመችም። ሌዘሩን በመጻሕፍት መካከል አስረው፣ ክፍሉን አጨልመው፣ ጨረሩ ጠርሙሱን አልፎ 3 ሜትር በሚርቅ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። በመሃሉ ነጥብ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ጥቃቅን ብሩህና ጨለማ ፍንጥቅጥቆች ይታያሉ፤ የፈላ ውሃ ይመስል ይለዋወጣሉ።

መጀመሪያ ግን በጠርሙሱ ፈንታ አንድ ቁራጭ ነጭ ፌስታል ጨረሩ ላይ ይወጥሩ። ያው ዓይነት ፍንጥቅጥቅ ይመጣል፣ ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ፌስታሉን ያንሱና ወተቱን ያስገቡ፤ መለዋወጡ የሌዘሩ ሳይሆን የወተቱ መሆኑ ያለ ንግግር ይታያል። የሌዘሩን ብርሃን እያንዳንዱ እንክብል ይበትነዋል፣ እንክብሎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ብርሃኑ የሚደማመርበትና የሚጠፋፋበት ቦታም ይቀያየራል። ተማሪዎቹ ወረቀቱ አጠገብ ቀርበው ሁለት ቦታ ያነጻጽሩ፦ ከመሃሉ አጠገብ ያሉት ቀስ ብለው ይለዋወጣሉ፣ ወደ ዳር ያሉት ግን ዓይን ለመያዝ እስኪያስቸግር ይፈጥናሉ። በትልቅ ማዕዘን የተበተነው ብርሃን የእንክብሉን ጥቂት መነቃነቅ እንኳ ስለሚያሳብቅ ነው። ጠርሙሱን ካስቀመጡ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይነኩ ያቆዩት፤ ፍንጥቅጥቁ ሁሉ አንድ ላይ ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተተ ውሃው ገና አልረጋም፣ እያንዳንዱ በየቦታው ብልጭ ድርግም ሲል ግን ጀምሩ ማለት ይችላሉ።